ከረጅም ዓመታት በኋላ አገር ቤትን መጎብኘት፦ አራት የጉዞ ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

ለብዙ ዓመታት ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ለጉብኝት ለመመለስ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የቲኬት ዋጋ ነው። ቲኬት ግን ከሌሎች ውሳኔዎች በኋላ ሊመጣ የሚገባው ጉዳይ ነው። ርካሽ የተባለው ቀን ከተያዘና ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የፓስፖርቱ ጊዜ እየተገባደደ መሆኑ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ረጅም መቅረትን የማይፈቅድ መሆኑ፣ ወይም ሊያዩአቸው የሚሄዱላቸው አዛውንት በዚያው ሰሞን ከእንግዳ ብዛት መተንፈሻ የማያገኙ መሆናቸው ይታወቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ቅጣት ከፍሎ ቀን መለወጥ ወይም እንደምንም ብሎ መሄድ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ የሚያነጻጽረው አራት አማራጮችን ነው። አንደኛው በበዓል፣ በሠርግ ወይም በሌላ የቤተሰብ ድግስ ሰሞን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት የሚደረግ አጭር ጉብኝት ነው። ሁለተኛው ድግስ በሌለበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሚቆይ ረዘም ያለ ጉብኝት ነው። ሦስተኛው ከርቀት የሚሠራ ሥራን ይዞ ሄዶ እየሠሩ መሰንበት ነው። አራተኛው አገር ቤት ሳይገቡ ከቤተሰብ ጋር በሦስተኛ አገር መገናኘት ሲሆን፣ ብዙ ሰው እንደ አማራጭ ባይቆጥረውም ለአንዳንዶች ያለ ስጋት የሚቻለው ይህ ብቻ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሕጋዊ ሁኔታ ነው። ይህ ማበላለጫ ሳይሆን ማጣሪያ ስለሆነ እዚህ ላይ የወደቀ አማራጭ በሌላው ሁሉ ቢበልጥም አይመረጥም። ሁለተኛው ፋታ ነው፤ ማለትም ሊያዩአቸው ከሄዱት ሰዎች ጋር ያለ ሌላ እንግዳና ያለ ችኮላ የሚቀመጡበት ጊዜ ምን ያህል ነው የሚለው። በእኔ ግምት ከማጣሪያው ቀጥሎ ትልቁን ክብደት ማግኘት ያለበት ይኸው ነው፤ ቀሪዎቹ ሁሉ በገንዘብ ወይም በዝግጅት የሚቃለሉ ሲሆኑ የፋታ እጦት ግን ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የሚታረም አይደለም። ሦስተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ይህም ከቲኬቱ ሌላ ስጦታውን፣ የተጨማሪ ሻንጣ ክፍያውን፣ የሚቀረውን ደመወዝ እና በሚኖሩበት አገር እየተቆጠረ የሚጠብቀውን የቤት ኪራይ ያጠቃልላል። አራተኛው ጤና፣ አምስተኛው ደግሞ ሰው ቢታመም ወይም የአገሩ ሁኔታ ቢለወጥ ዕቅድን የመለወጥ ዕድል ነው።

ማጣሪያው፦ ሰነድና ሕጋዊ ሁኔታ

የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የትውልድ አገሩ ሕግ ዛሬ እንደ ዜጋ ይቆጥረው ወይም እንደ ውጭ ሰው ያየው እንደሆነ ነው። ጥምር ዜግነትን የሚቀበሉ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ዜጋቸው በራሳቸው ፓስፖርት እንዲገባና እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ አሜሪካ ለምሳሌ ይህን በሕግ ትጠይቃለች። ጥምር ዜግነትን የማይቀበሉት ደግሞ የቀድሞ ዜጋቸውን እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ቪዛ ይጠይቁታል፣ አለበለዚያም በትውልድ ላይ የተመሠረተ ልዩ መታወቂያ ያዘጋጁለታል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በሕግ የፈቀደችው ለትውልደ ሕንዳውያን የሚሰጥ ካርድ እና በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ የዚህ ዓይነት ናቸው። ለአንድ የሁለት ሳምንት ጉብኝት ቪዛ ይበቃል፤ በየዓመቱ ለመመላለስ ወይም ለወራት ለመቆየት የሚያስብ ሰው ግን ለካርዱ የሚጠየቀውን ወረቀት አሟልቶ ቢጨርስ ይሻለዋል።

ጥምር ዜግነት ያለው ሰው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 በዘ ሄግ የተፈረመው የዜግነት ሕጎች ስምምነት በአንቀጽ 4 እንደሚለው፣ አንድ መንግሥት ለዜጋው የዲፕሎማሲ ጥበቃ ማድረግ የሚችለው ያ ሰው የእነርሱም ዜጋ ባልሆነባቸው አገሮች ላይ ብቻ ነው። ስምምነቱን ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ቢሆኑም ብዙ ኤምባሲዎች በተግባር የሚሠሩት በዚሁ መንፈስ ነው። ስለዚህ በትውልድ አገሩ ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ያልተፈጸመ የውትድርና ግዴታ ወይም ያልተከፈለ ግብር ያለበት ሰው ችግር ቢመጣ ኤምባሲው ያወጣኛል ብሎ ተማምኖ መሄድ የለበትም። ወንዶች ልጆችን ይዘው የሚሄዱ ወላጆችም፣ እንደ ደቡብ ኮርያ ያለ ግዴታ ውትድርና ያለበት አገር ከሆነ፣ ውጭ የተወለደው ልጅ በወላጁ በኩል ዜጋ ተብሎ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመው ማጣራት አለባቸው።

በሌላ አገር ጥገኝነት ተሰጥቶት በስደተኛነት የሚኖር ሰው ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 ፊደል ሐ ሥር ስደተኛነት የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ በፈቃድ ወደ ዜግነት አገር ጥበቃ መመለስን በመጀመሪያ ያስቀምጣል። የትውልድ አገርን ፓስፖርት ማሳደስና በእርሱ ወደዚያው መጓዝ እንዲህ ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመሪያ የታመመ ወይም ያረጀ ወላጅን ለማየት መሄድንና ለዕረፍት በተደጋጋሚ መመላለስን ለይቶ ቢያይም፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ጥገኝነቱን የሰጠው አገር ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አማራጮች ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ባይመርጥ ይበጃል። ዘመድ «ሁሉም እየተመላለሰ ነው» ሊል ይችላል፤ የዘመድ ምክር ግን ከኢሚግሬሽን መኮንን ፊት ማስረጃ አይሆንም።

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ተጓዥ የሚመለከተው የመቅረት ገደቡን ነው። በአሜሪካ ከ180 ቀን በላይ ያለማቋረጥ ከአገር የወጣ የግሪን ካርድ ባለቤት ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠየቅ ይችላል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለመቆየት ያሰበ ደግሞ ገና በአሜሪካ ሳለ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ካናዳ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን በአገሯ መኖርን ትጠይቃለች። በብሪታንያ የተለመደው ያልተገደበ የመቆያ ፈቃድ ያለው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ ከአገር ውጭ ከሆነ ፈቃዱ ይቋረጣል። ለሦስት ሳምንት ለሚሄድ ይህ ሁሉ አያሳስብም፤ ያሰበው ሦስት ወር በእናት ሕመም ምክንያት ስምንት ወር ለሚሆንበት ግን ያሳስባል፤ እንዲህ መሆኑ ደግሞ ብርቅ አይደለም።

በድግስ ሰሞን አጭር ጉብኝት

የዚህ አማራጭ ብርታት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዓመታት ያልታየው ዘመድ ሁሉ አንድ ቤት መሰብሰቡ ነው። ከቤት ቤት መዞርን ያስቀራል፣ ከአሠሪ የዓመት ፈቃድ ለመጠየቅም ይቀላል። የሚያጎድለው ፋታ ነው። የመጀመሪያውን ምሽት እንመልከት፦ ሻንጣዎቹ ሳይፈቱ በመኝታ ቤቱ በር ተደርድረዋል፤ ሳሎኑ በጎረቤትና በዘመድ ከመሙላቱ የተነሣ ወንበር አንሶ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እንግዳው «መቼ ነው የምትመለሰው?» ለሚለው ጥያቄ፣ ገና በመጣበት ዕለት፣ በገባው ሰው ቁጥር ልክ ይመልሳል፤ ከሁሉ አስበልጦ ሊያያት የመጣው እናቱ ግን እንግዳ ስታስተናግድ ከኩሽና አልወጣችም፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብላ ትከሻውን ዳሰስ አድርጋ ትመለሳለች። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ ከዚህ ብዙም አይለዩም።

ወጪውም በሁሉም አቅጣጫ ይንራል። ቲኬት በዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ ላይ ይደርሳል፣ ቀን ለመለወጥ ቢፈለግም ወንበር አይገኝም፣ ስጦታውም ለሚጠበቁት ብቻ ሳይሆን ለሚመጡት ሁሉ ይሆናል። የሰዓት ልዩነት የሚያስከትለው የእንቅልፍ መዛባት በግምት ለአንድ የሰዓት ቀጠና አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ደግሞ ይብሳል። ከሁለት ሳምንቱ ውስጥ ብዙ ቀን በዚህ እንደሚደክም ማሰብ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቶች በበዓል ስለሚዘጉም የውክልና፣ የመታወቂያ ወይም የውርስ ጉዳይ ያለው ሰው ሳይጨርስ ይመለሳል።

አጭር ጊዜ ብቻ ላለው ሰው የምመክረው መካከለኛ መንገድ ከድግሱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ከመድረስ ይልቅ ድግሱ ሊያበቃ ሲል መድረስ ነው። የተሰበሰበው ዘመድ ገና አልተበተነም፣ የቤቱ ሰዎች ድካም ሊቀል ተቃርቧል፣ የሚቀሩት ቀናትም ጸጥ ያሉ ይሆናሉ። የወንድም ወይም የእህት ሠርግ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ለእንዲህ ያለው ከመጀመሪያው መገኘት ግድ ነው።

ድግስ በሌለበት ወቅት ረዘም ያለ ጉብኝት

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚደረግ የመጀመሪያ ጉብኝት፣ አቅምና ፈቃድ ከተገኘ፣ ይህን አስቀድማለሁ። ተጓዡ ቤተሰቡን የሚያየው በእንግዳ መቀበያ ልብስ ሳይሆን በአዘቦት ቀን ነው፤ አባት የትኛውን መድኃኒት እንደሚረሱ፣ ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ እናትን ሐኪም ቤት ማን እንደሚወስዳቸው፣ በስልክ «ደኅና ነን» ሲባል ምን ያልተነገረ እንደነበረ የሚታወቀው ያኔ ነው። በሌለበት ያለፉ ሰዎችን ቤተሰብ ሄዶ ለማጽናናትም ጊዜ ይኖራል፤ ይህ በአጭር ጉብኝት ሁልጊዜ የሚቀር ነገር ነው። መሥሪያ ቤት ክፍት ነው፣ ቲኬትም ይረክሳል።

ድካሙም የራሱ ነው። ያለ ደመወዝ የሚወሰድ ፈቃድ ከቲኬቱ ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ እንግድነት ያበቃና ተጓዡ በቤቱ የቆየ ቅሬታ፣ በወንድማማች ሙግትና በገንዘብ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የገንዘብ ጥያቄን በተመለከተ ከመሄድ በፊት ጠቅላላ ልክ መወሰንና ለአንድ የሚታመን ዘመድ ብቻ ማሳወቅ፣ በየዕለቱ እጅ በእጅ ከመስጠት ይልቅ ሰላም ይሰጣል።

በጤና በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት «እኔ እዚያው ያደግሁ ነኝ» በሚለው ግምት ነው። በወባማ አካባቢ የሚያድግ ሰው ለወባ የሚያዳብረው ከፊል የመቋቋም አቅም ርቆ ሲኖር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ውጭ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ጨርሶ የላቸውም። ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ከሚገቡት የወባ ሕሙማን አብዛኞቹ በአፍሪካ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ሰዎች የሚሆኑትም በዚህ ነው፤ ቱሪስቱ መከላከያውን ሲወስድ የአገሩ ልጅ ይተወዋል። የታይፎይድም ነገር ተመሳሳይ ነው። የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቢሆንም የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት መተው አይገባም። ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለቆይታው ሁሉ የሚበቃውን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ኮዴይን እንዳለባቸው ያሉ ማስታገሻዎች በአንዳንድ አገሮች ቁጥጥር እንደሚደረግባቸውም ያስብ። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ ቀድሞ የነበረ ሕመምን መሸፈኑና ለአንድ ጉዞ የተቀመጠው የቀን ገደብ መታየት አለበት።

ሥራ ይዞ መሄድ

በወረቀት ላይ ሥራንና ረጅም ቆይታን የሚያስታርቅ ይመስላል፤ ደመወዝ ሳይቋረጥ ወራት መቆየት ይቻላልና። በተግባር ግን አሠሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ የመግቢያ ቪዛው መሥራትን የሚከለክል ከሆነ፣ ወይም ቆይታው ብዙ አገሮች ለግብር መለኪያ የሚያደርጉትን 183 ቀን የሚጠጋ ከሆነ አደጋ አለው። የኢንተርኔትና የመብራት መቆራረጥም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰዓት ልዩነቱ ነው፤ ሥራው በማታ ከሆነ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚጫወትበትን ሰዓት ይወስደዋል፣ ከርቀት የሚሠራም ሰው በቤተሰብ ዓይን ሥራ ላይ ያለ አይመስልም። ቀድሞ አንድ ጊዜ ሄዶ ቤቱን ላየ ሰው ጥሩ ሁለተኛ ጉዞ ነው፤ ለመጀመሪያው አልመርጠውም።

በሦስተኛ አገር መገናኘት

ይህ አማራጭ የተሠራው በማጣሪያው ለወደቁት ነው፦ ጥገኝነት ለተሰጣቸው፣ የውትድርና ወይም የፖለቲካ ጉዳይ ላለባቸው፣ አገሩ ሰላም ላጣባቸው። ፋታው ከሚገመተው በላይ ነው፤ የሚመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ቀኑ ሙሉ የእነርሱ ነው። ጉድለቱ ወጪው የሁለቱም ወገን በተጓዡ ላይ መውደቁ፣ ለወላጆች ቪዛ ማግኘት እርግጠኛ አለመሆኑ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችም ሊመጡ አለመቻላቸው ነው። ስፍራው የሚመረጠው በውበቱ ሳይሆን ወላጆች ያለ ቪዛ ወይም በመድረሻ ቪዛ የሚገቡበት፣ ያለ መሸጋገሪያ በአንድ በረራ የሚደረስበትና ጥሩ ሐኪም ቤት ያለው በመሆኑ ነው። አገር ቤቱን ማየት ራሱ ለሚናፍቀው ሰው ይህ ምትክ አይሆነውም።

ማረፊያ

ከአራቱ የትኛውም ቢመረጥ የማረፊያው ጉዳይ ፋታን ይወስናል። ቤተሰብ ቤት ማረፍ ወጪ አይጠይቅም፣ ቅርበቱም ሌላ የለውም፤ ነገር ግን አስተናጋጆቹ አልጋቸውን ለቀው መሬት ሊተኙ፣ ለእንግዳው ሲሉም ሊበደሩ ይችላሉ። ሆቴል ዕረፍት ይሰጣል፣ ከቤተሰቡ ግን ያርቃል፤ ብዙ ቦታም እንደ ንቀት ይታያል። ከሳምንት በላይ ለሚቆይ፣ በተለይ ልጆች ላሉት፣ ከቤተሰቡ ቤት በእግር የሚደረስ የተከራየ ክፍል ወይም ቤት የተሻለ ነው። ቅሬታ እንዳይፈጠር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች ቤተሰብ ቤት ማሳለፍና ኪራዩን ከመድረስ በፊት በልጆቹ እንቅልፍ ምክንያት አድርጎ መንገር ይረዳል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | አጭር፣ በድግስ ሰሞን | ረዘም ያለ፣ በጸጥታ ወቅት | ሥራ ይዞ | በሦስተኛ አገር |
|---|---|---|---|---|
| ሕጋዊ ጫና | ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ጥገኝነት ለተሰጠው አይመከርም | የመቅረት ገደብ ይታያል፤ ጥገኝነት ለተሰጠው አይመከርም | የሥራ ፈቃድና የግብር ጥያቄ አለ፤ ጥገኝነት ለተሰጠው አይመከርም | ጥገኝነት ለተሰጠው የተሻለ፤ የወላጆች ቪዛ ግን ያስቸግራል |
| ፋታ | ትንሽ | ብዙ | መካከለኛ | ብዙ፣ ግን ከጥቂት ሰው ጋር |
| ወጪ | ቲኬትና ስጦታ ይከብዳሉ | የሚቀረው ደመወዝ ይከብዳል | ዝቅተኛ | የሁለት ወገን ቲኬትና ማረፊያ |
| ጤና | ድካምና የእንቅልፍ መዛባት | ወባ፣ መድኃኒት፣ ኢንሹራንስ | እንደ ረጅሙ ጉብኝት፣ ከሌሊት ሥራ ጋር | ለተጓዡ ቀላል፣ ለአዛውንት ከባድ |
| ዕቅድ መለወጥ | አስቸጋሪ | ቀላል | በአሠሪው ይወሰናል | አስቸጋሪ |

ለማን የትኛው?

ወላጆቹ ያረጁበት ወይም የታመሙበት ሰው፣ ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ድግሱን ትቶ ጸጥ ባለው ወቅት ይሂድ፤ ሁለት ወር ባይሞላለትም አራት ሳምንት ከበዓል ሰሞን ሁለት ሳምንት ይበልጣል። ጊዜም ገንዘብም የሚያጥረው ሰው በድግሱ ማብቂያ የሚደርስ አጭር ጉብኝት ይያዝ፤ ስጦታውን ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ይወስን፣ ማረፊያውንም ቤተሰብ ቤት ያድርግ። በትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ያሉት የዕረፍት ጊዜያቸውን መጠበቅ ግዴታው ነውና ቢያንስ የተከራየ ማረፊያ ያስብ፤ አንድ ወላጅ ብቻ ይዟቸው ከሄደ የሌላው ወላጅ በሕግ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ በጠረፍ ሊጠየቅ ይችላል። በትዳር አለመግባባት ላይ ያሉ ወላጆች ደግሞ አገሩ እ.ኤ.አ. የ1980ው የልጆች ጠለፋ ስምምነት (ያለ አንዱ ወላጅ ፈቃድ ከአገር የተወሰደ ልጅ እንዲመለስ የሚደነግገው) አባል መሆኑን ሳያጣሩ ልጆችን ባይልኩ ጥሩ ነው። አቅሙ የፈቀደለትና የውርስ ወይም የመሬት ጉዳይ ያለው ሰው ረጅሙን ጉብኝት መርጦ ጉዳዩን በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምር፤ ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀጠሮ አይጨርስምና።

ውሳኔው ካለቀ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ብዙ አገሮች ከመግቢያ ቀን በኋላ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ስለሚጠይቁ እድሳቱ ከሁሉ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ቪዛው ወይም ካርዱ፣ ቀጥሎም ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ የጉዞ ሐኪም ነው። ቲኬቱ ከዚህ በኋላ ይገዛል፤ ሲገዛም ሙሉው ጉዞ በአንድ ቲኬት ላይ ቢሆን፣ የመመለሻ ቀን ለመለወጥ የሚያስከፍለውም በጽሑፍ ቢታይ ይመረጣል፤ የመጀመሪያውን በረራ ሳይሳፈሩ መቅረት አብዛኛውን ጊዜ ቀሪውን ጉዞ፣ መመለሻውን ጨምሮ፣ ያሰርዛል። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ከአሜሪካ የሚወጣ፣ ከአውሮፓ ኅብረትም 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የያዘ፣ ማስታወቅ አለበት፤ መድረሻውም የራሱ ገደብ ይኖረዋል።

ሻንጣ ሲሞላ ሰው «አድርስልኝ» ያለውን የታሸገ ዕቃ ፊት ለፊት ሳይፈቱ አለመቀበል ነው፤ ይሉኝታ ሊይዝ ይችላል፣ በጉምሩክ ፊት ግን ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው ነው። ፓወር ባንክ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ይያዛል። ሻንጣ ተጎድቶ ከደረሰ ስለ ዓለም አቀፍ በረራ በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አቤቱታው በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰም ሻንጣው እጅ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአየር መንገዱ መቅረብ አለበት፤ በዘመድ ሰላምታ መካከል ይህ ቀን ስለሚያልፍ ሻንጣውን እዚያው ኤርፖርት ውስጥ መፈተሽና ወረቀቱን ሳይዙ አለመውጣት ይሻላል።